የባለቤቴ ቅድመ አያት ሜዳሊያዎች፦ ምን ይነግሩናል?

የለንደኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። አማቴ ቤት ስትቀይር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ሜዳሊያ ሰጠችን፤ የአያቷ ነው። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች በእንግሊዝ ባህር ኃይል መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ ነበር ይላሉ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ 1914-15 የሚል ኮከብ ነው፤ አንዱ ብር ይመስላል፤ አንዱ ላይ ክንፍ ያላት ሴት አለች፤ አንዱ ላይ መርከብ። ሦስቱ ደግሞ ስም የላቸውም፤ የሌላ ሰው ይሆኑ እንዴ? ጠቁረዋልና ልወልውላቸው?

ሳንቲም ሰብሳቢው
በፈጠረሽ እንዳትነኪያቸው! ስሙ በተወለወለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ኮከቡን ገልብጪው፣ የሌሎቹን ጠርዝ ደግሞ በአጉሊ መነጽር እዪ። ቁጥር፣ ስም፣ ማዕረግ ታገኛለሽ። ከቁጥሩ ፊት «ኬ» ካለ ከ1908 እስከ 1925 ባለው ጊዜ (እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የተቀጠረ እሳት አንዳጅ ነው። ኮከቡ ከ1915 ማብቂያ በፊት ጦርነቱ ውስጥ እንደነበረ ይመሰክራል።

ጡረተኛው መርከበኛ
ልጄ፣ እኔም ምጽዋ ሞተር ክፍል ነው ያረጀሁት፤ የእኛ ግን በናፍጣ ነበር። የከሰሉ ዘመን ሰዎች ሌላ ናቸው። አካፋ መያዝ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከሰሉን በስሱ መበተን፣ የረጋውን ዝቃጭ በረጅም ብረት ፈልቅቆ ማውጣት አለ። ጭሱ ከበዛ ደግሞ ጠላት ከሩቅ ያያል። መርከብ ያለበት ሜዳሊያ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ነው፤ 15 ዓመት በመልካም ጠባይ ላገለገለ ይሰጣል። እኔን ብትጠይቂኝ ከኮከቡ እሱ ይበልጥብኛል።

ኪው አካባቢ
የአገልግሎት መዝገቡ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። እስከ 1928 ለተቀጠሩት ኤዲኤም 188 ይባላል፤ በስም ወይም በቁጥር ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ። ለኋለኛው አገልግሎት ሌላ መዝገብ መጠየቅ ይኖርብሻል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ መዝገቡ ላይ «ቪክቶሪ 2» ካየሽ በዝነኛው አድሚራል ኔልሰን መርከብ በ«ቪክቶሪ» ላይ ነበር ብለሽ እንዳትፎክሪ። ፖርትስማውዝ ያለው የየብስ ሰፈር ስም ነው። «ፔምብሮክ 2» ቻተም፣ «ቪቪድ 2» ደግሞ ዴቨንፖርት ነው።

የለንደኗ
ጎበዞች! «ኬ» አለው። ስም ከሌላቸው አንዱ «አፍሪካ» ይላል፤ ሪባኑ የአሸዋ መልክ ሆኖ መሃሉ ቀይ ነው።

ሳንቲም ሰብሳቢው
እንግሊዝ ለሁለተኛው ጦርነት የሰጠችው ኮከብ ያለ ስም ነው፤ አትጠርጥሪ። የአፍሪካ ኮከብ ደግሞ ለእኛም ቅርብ ነው። የኤርትራ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ዘመቻም ይቆጠርበታል፤ ማብቂያው 27 ኖቬምበር 1941 ነው፣ ጎንደር ላይ ጣሊያን እጅ የሰጠበት ቀን።

ጡረተኛው መርከበኛ
ሜዲትራኒያን ያገለገለም ያንኑ ኮከብ ይወስዳል እኮ። ስለዚህ ለልጆቹ «ለእኛ ነው የተዋጋው» ከማለትሽ በፊት በ1941 የነበረበትን መርከብ ስም አምጪልን፤ ቀይ ባህር ገብቶ እንደሆነ አብረን እናያለን።