ቢጫ ቅርፊት ያወጣ የፖታሲየም ጠርሙስ ምን ይደረግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ቤተ ሙከራውን ስናጸዳ፣ ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስበት ከከረመ መደርደሪያ ጥግ «ፖታሲየም» የሚል ጽሑፉ የደበዘዘ ጠርሙስ አገኘን። ብረቱን ከአየር እንዲጠብቅ የተሞላው ነጭ ጋዝ ተንኖ ግማሽ ደርሷል፤ ከፈሳሹ በላይ የቀሩት ሁለት ጓሎች ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ቅርፊት ለብሰዋል። እኔ ቅርፊቱን በቢላዋ ልጬ ደህናውን ለሠርቶ ማሳያ ላስቀር አስቤ ነበር፤ ባልደረባዬ ደግሞ በጀልባ ወስደን ጣና መሐል እንጣለው ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ 1

መምህር፣ ሁለቱም አይሆኑም፤ ከሁሉ በፊት ቢላዋውን ይተዉት። የሶዲየም ነጭ ቅርፊት እየተላጨ ስለሚሠራበት ብዙዎቻችን ፖታሲየምንም በዚያው ልማድ እናየዋለን። ፖታሲየም ግን ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ቢጫ ውሕድ ይፈጥራል፤ ይህ ውሕድ ራሱ ኃይለኛ አቀጣጣይ በመሆኑ፣ ቢላዋ ቅርፊቱን ከሥሩ ካለው ንጹሕ ብረትና ከነጭ ጋዙ ጋር ሲጫነው አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይነካው እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ነጭ ጋዝም ቢሆን ለዘለዓለም አይጠብቀውም፤ አየር በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። ክዳኑን አይክፈቱ፣ ጠርሙሱን አያነቃንቁ፤ ክፍሉን ቆልፈው ለኃላፊዎ ያሳውቁና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ባለሙያ መጥቶ ባለበት እንዲያየው ይጠይቁ።

መልስ 2

ስለ ጣናው ልጨምር። የፖታሲየም እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 0.86 ግራም ገደማ ስለሆነ አይሰምጥም፤ ሐምራዊ ነበልባል እየተፋ ውኃው ላይ ይሯሯጣል። 39 ግራሙ ብቻ 11 ሊትር ያህል ሃይድሮጅንና 56 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ቆዳ የሚያቃጥል አልካሊ ይወጣዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሶዲየም በበርሜል በዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ሌኖር ሐይቅ ጥሎ ነበር፤ ያ ሐይቅ ግን ቀድሞውንም አልካሊ ነው፣ ጣና ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ የሚጠመድበት ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ጠርሙስ ጣናን አይመርዘውም፤ ፊቱና ዓይኑ የሚቃጠለው ጀልባው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ክፍሉን ቆልፌዋለሁ። እስኪመጡ ድረስ እሳት ቢነሳስ? በሩ አጠገብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ አለ።

መልስ 3

እሱንም ውኃውንም አይጠቀሙ፤ የጋለ ፖታሲየም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋርም ይቃጠላል። የሚያስፈልግዎት ደረቅ አሸዋ ነው። ከግንባታ ቦታ የሚመጣው እርጥበት ስለማያጣው በብረት ምጣድ ላይ በደንብ አምሰው፣ ሲበርድ ክዳን ባለው ባልዲ ከበሩ ውጭ ያስቀምጡ። ነበልባሉ ከጠነከረ ግን አሸዋውን ትተው ሰዎቹን ያውጡ።

ለሠርቶ ማሳያውም ፖታሲየምን ይርሱት። ተማሪ ሳለሁ መምህራችን የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሶዲየም ሳህን ውኃ ላይ ጣሉ፤ ስትሽከረከር ቆይታ ጠርዙ ላይ ተለጠፈችና ጧ ብላ ፈነዳች፣ ፍንጣሪዋም ደብተሬን በሳችው። ዛሬ እኔ ሳሳይ ከምስር ፍሬ አላስበልጥም፤ ወረንጦውን አደርቃለሁ፣ መነጽር አደርጋለሁ፣ ተማሪዎቹንም ከመስታወት ጀርባ አቆማለሁ።