«ጥቁር» የሚለው ሣጥንና እኛ፦ ስለ ጡት ካንሰር ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቶችና ወንድሞች።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር ከነጮች ይልቅ በብዛት ይሞታሉ ሲባል ሰማሁ፤ ይህ እኛንም ይመለከታል ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ጥቁር ሴቶች በዚህ በሽታ የሚያዙበት መጠን ከነጮቹ በ5 በመቶ ያህል ቢያንስም፣ የሚሞቱበት መጠን በ38 በመቶ ይበልጣል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የበሽታው ዓይነት ነው፤ ሆርሞን ነክ መድኃኒት የማይሠራበት «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚባለው ካንሰር በጥቁር ሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይታያል። ቀሪው ግን ዘግይቶ መታወቁ፣ የኢንሹራንስ እጦትና የሕክምናው መጓተት ነው።

ይሁንና ቅጽ ላይ የምንሞላው «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ከባርነት ዘመን ጀምሮ እዚህ አሜሪካ የኖሩትን፣ ከሌጎስ የመጣችውንና ከደሴ የመጣችውን አንድ ላይ ይጨምራቸዋል። እዚህ የሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆችን ለይተው ያዩ ተመራማሪዎች፣ ሆርሞን ተቀባይ የሌለው (ሆርሞን ነክ መድኃኒት የማይሠራበት) ካንሰር በእነርሱ ላይ ከምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ባነሰ መጠን እንደሚገኝ አስተውለዋል። ስለዚህ ያንን 38 በመቶ እንዳለ ወስዶ የእኛ ነው ማለት አይቻልም። የመዘግየቱ ነገር ግን እኛንም በደንብ ያውቀናል።

አክስቴ እብጠቱን ካገኙት በኋላ ለስምንት ወራት ለማንም አልተነፈሱም፤ ስላላመማቸው «ካላመመኝ ምን አስኬደኝ» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ያስተረጎመችላቸው የ14 ዓመት ልጃቸው ነበረች። ልጅቱ «ባዮፕሲ» የሚለውን (ካንሰር መሆኑን ለማወቅ ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ማለት ነው) «መርፌ» ብላ ተረጎመችው፤ እሳቸውም «መርፌውን ሌላ ቀን እወጋለሁ» ብለው ወጡና ሦስት ወር ጠፉ። ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ከተደረሰበት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከ99 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ በኋላ ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እነዚያ አሥራ አንድ ወራት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈሉን እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር በልጅ ማስተርጎምም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ያለው፣ ስለ በሽታ መከላከል ምክር የሚሰጠው የፌዴራሉ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት ባለው ዕድሜ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) መነሣት ነው። አብዛኛው ኢንሹራንስ ይህንን ያለ ክፍያ ይሸፍናል፤ ተከትሎ የሚመጣው ተጨማሪ ምርመራ ግን ያስከፍል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ኢንሹራንስ የሌላቸውና ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሴቶች በ1990 በወጣው ሕግ በተቋቋመውና በየግዛቱ በሚገኘው ፕሮግራም በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ መመርመር ይችላሉ። በቤተሰብ የታመመ ካለ ግን አርባን መጠበቅ አይገባም፤ የአባት ወገንም ይቆጠራል። (እኛ ዘንድ አያቶቻችን «በድንገት ታመው» ነው የሞቱት፤ ምን እንደሆኑ ጠይቀን አናውቅም።)

ጠበሉን የሚተው ይተው አላልኩም፤ ጠበሉም ቀጠሮውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቻላሉ።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በነርስነት ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ከማሞግራም በኋላ «ተመልሰሽ ነይ» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ብዙ እህቶች ደብዳቤውን የሞት ፍርድ አድርገው ስለሚያዩት ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ከሚጠሩት አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፤ ፎቶው ጥርት ባለማለቱ ወይም የጡቱ ሥጋ ጥቅጥቅ በመሆኑ ብቻ ሊጠሩ ይችላሉ። ከመስከረም 2024 ወዲህ ማሞግራም የሚያነሡ ተቋማት ሁሉ የጡቱን ጥቅጥቅነት ለታካሚዋ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ስለተደነገገ፣ ይህ ቃል በደብዳቤው ላይ ቢገኝ አትደንግጡ። ደብዳቤውን ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶች ያነበባችሁ እንደሆነ፣ ቀጠሮውንም እዚያው ስልክ ደውላችሁ ያዙላቸው።