ዱዓ ላይ ስቀመጥ ቃላት ያጥሩኛል፤ እንዴት ላድርግ?

ጠያቂ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አልሐምዱሊላህ፣ ሶላቴን በወቅቱ እሰግዳለሁ። የሚቸግረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዳሰላመትኩ (ሶላቱን በሰላምታ እንደዘጋሁ) እጄን አነሣና የሸመደድኳቸውን ሁለት ሦስት የዐረብኛ ዱዓዎች (ልመናዎች) በጥድፊያ እላለሁ፤ ትርጉማቸውን በቅጡ አላውቀውም። የራሴን ጉዳይ በአማርኛ ልናገር ስል ነውር እየመሰለኝ እተወዋለሁ። ዚክሩንም (አላህን የማወሳባቸውን ቃላት) ስቆጥር ቁጥሩ ይጠፋብኛል። አጠገቤ የሚሰግድ ሰው ደግሞ ዱዓውን ጮክ ብሎ ስለሚያደርግ ሐሳቤ ይበተናል። ሥርዓቱን የምታውቁ ብታስረዱኝ፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

የመድረሳ መምህር፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ። ከሶላት ውጭ በአማርኛም ሆነ በምትችለው ቋንቋ ለምን፤ ምንም ነውር የለበትም። ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) የተለያዩት ሶላት ውስጥ ስለሚደረገው ዱዓ ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ይጠላል፣ ሌሎች ዐረብኛ ለማይችል ሰው ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ለሱጁድ (ግንባር መሬት ለሚነካበት ስግደት) የሚሆን አንድ አጭር ዱዓ ከነትርጉሙ ያዝ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባሪያ ለጌታው ይበልጥ የሚቀርበው ሱጁድ ላይ ሳለ ስለሆነ ዱዓ አብዙ ብለዋልና (የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል)። ለምሳሌ «አላሁመ ኢንኒ አስአሉከል ሁዳ ወቱቃ ወልዐፋፈ ወልጊና» የሚለውን ያዝ፤ መመራትን፣ አላህን መፍራትን፣ ጥብቅነትንና መብቃቃትን እለምንሃለሁ ማለት ነው። ከዚህች አንድ መስመር የቀረ የዱንያም (የዚህ ዓለም) የአኺራም (የወዲያኛው ዓለም) ጉዳይ ካገኘህ ንገረኝ!

ሌላው፣ እንዳሰላመትክ እጅህን ወደ ማንሣት አትሩጥ። ነቢዩ ሦስት ጊዜ «አስተግፊሩላህ» ብለው «አላሁመ አንተ ሰላም…» የሚለውን ያስከትሉ ነበር። ተስቢሑ («ሱብሓነላህ» እያሉ አላህን ማወደሱ) ከዚያ ይቀጥላል። የራስህን ጉዳይ ለመጠየቅ ከተሸሁድ (ተቀምጠው ከሚሉት የምስክርነት ቃል) በኋላ ከማሰላመትህ በፊት ያለው ጊዜም ጥሩ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዘልሎት ያልፋል።

ስትለምን መጀመሪያ አላህን አመስግን፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት (የእዝነት ልመና) አውርድ፣ ከዚያ ጉዳይህን ተናገር። የነቢዩ ባልደረባ ፈዳላ ኢብኑ ዑበይድ ባስተላለፉት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) አንድ ሰው ሳያመሰግንና ሰለዋት ሳያወርድ ሲለምን ነቢዩ ሰምተው «ይህ ሰው ቸኮለ» ብለዋል። ጉዳይህን ስትናገርም ቁርጥ አድርገህ ለምን። «ከሻህ ማረኝ» ማለት በሐዲስ ተከልክሏል። አላህን የሚያስገድደው ስለሌለ እንዲህ ማለቱ ትሕትና ሊመስል ይችላል እንጂ አይደለም።

ተማሪዋ፦
ስለ ቆጠራው እኔ ልመልስ። ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 ተብሎ መቶኛው «ላ ኢላሀ ኢለላሁ ወሕደሁ ላ ሸሪከ ለህ…» ነው። የቀኝ እጅህን አንጓዎች ተጠቀም፤ በየጣቱ ሦስት ሦስት ብትል አንዱ እጅ 15 ይሞላል። ሁለት ዙር 30 ነው፣ ትንሿ ጣት ላይ ሦስት ስትጨምር 33 ሞላ። አሁንም ከጠፋብህ ሦስቱንም አንድ ላይ «ሱብሓነላህ፣ ወልሐምዱሊላህ፣ ወላሁ አክበር» እያልክ 33 ጊዜ መድገም ትችላለህ። አሥር አሥር ጊዜ የሚል ዘገባም ስላለ ሥራ የሚያጣድፍህ ቀን እሱን ያዝ። ሠላሳ ሦስቱን ቃላቱ እስኪዋዋጡ ድረስ ከመሮጥ አሥሩን አጥርቶ ማለት የተሻለ ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦
ጣት ለምን አስቸገረ? መቁጠሪያ ይያዝና ይገላገል።

የመድረሳ መምህር፦
መቁጠሪያን አብዛኞቹ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ የጠሉትም አሉ። ጣት ግን ይበልጣል፤ ጣቶች ተጠይቀው እንደሚናገሩ በሐዲስ መጥቷል። ጨዋታ እያወራ መቁጠሪያውን የሚገፋ ሰው ሳይ ግን እኔም ከጠሉት ወገን ልሆን እቃጣለሁ።

አዛውንቱ፦
ልጄ፣ ጮክ ብሎ ስለሚለምነው ጎረቤትህ እኔ ልናገር። ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) በጉዞ ላይ ተክቢራ («አላሁ አክበር») እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ነቢዩ «ለራሳችሁ እዘኑ፤ የምትጠሩት መስማት የተሳነውን ወይም የሌለን አይደለም፤ ሰሚና ቅርብ የሆነን ነው» ማለታቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ነግረውናል። ቁርኣንም ጌታችሁን ተዋርዳችሁና በድብቅ ለምኑት ይላል (አል-አዕራፍ 55)። ነቢዩላህ ዘከሪያ ልጅ ሲለምኑ እንኳ ጥሪያቸው የምስጢር ነበር። ስለዚህ ዝግ ማለቱ ይሻላል፤ ምላስና ከንፈር ግን ይንቀሳቀሱ። ሆኖም ሰውየውን አታሳጣው። ሶሓባው ኢብኑ ዐባስ በነቢዩ ዘመን ሰዎች ከፈርድ (ግዴታ) ሶላት በኋላ ዚክርን ድምፅ ከፍ አድርገው ይሉ እንደነበር ተናግረዋልና መነሻ የሌለው ነገር አይደለም። ለብቻው ስታገኘው «ድምፅህ ከዱዓዬ ያናጥበኛል» በለው፤ ይበቃል።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ አባቴ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለረጅም ጊዜ የለመንኩት ጉዳይ አልተሳካም። አቀራረቤ ተበላሽቶ ይሆን?

አዛውንቱ፦
«ለመንኩ፣ ምላሽ አጣሁ» ብለህ እስካልቸኮልክና እስካልተውክ ድረስ ተቀባይነት አለህ፤ የቡኻሪና የሙስሊም ሐዲስ ነው። ኃጢአት ወይም ዝምድና መቁረጥ የሌለበት ዱዓ ከሦስት አንዱን አያጣም፦ የጠየቅከው ይሰጥሃል፣ ለአኺራ ይቆይልሃል፣ ወይም በዚያው መጠን ክፉ ነገር ይመለስልሃል። አንድ የምትፈትሸው ነገር ግን አለ፤ ገቢህን። ከረጅም መንገድ አቧራ ለብሶ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ጌታዬ! ጌታዬ!» የሚለው ሰው መብሉም መጠጡም ልብሱም ሐራም ስለሆነ እንዴት ምላሽ ያገኛል ተብሏል። ሰዓትም ምረጥ፤ የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ አለ፣ በአዛንና በኢቃማ (ሶላቱ ሊጀመር ሲል በሚባለው ጥሪ) መካከል ያለውም አለ።

እናት፦
ጥያቄው የእኔ ባይሆንም ልጠይቅ፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ዚክርና ዱዓ ታደርጋለች?

ተማሪዋ፦
አዎ እናቴ፣ ታደርጋለች። የቀረላት ሶላቱ ነው። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሐጅ ላይ የወር አበባ ሲመጣባቸው ነቢዩ ከጠዋፍ (ካዕባን ከመዞር) በስተቀር ሑጃጁ የሚሠራውን ሁሉ እንዲሠሩ አዘዋቸዋል፤ ዚክሩም ዱዓውም በዚያ ውስጥ ነው። ቁርኣን መቅራት ላይ ግን ልዩነት ስላለ እሱን ለብቻው ብንጠይቅ ይሻላል።