የአያታችን ሙት ዓመትና የቀረው ፈረሳቸው

ጥያቄ፦ የኮሶበር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያረፉ ሲሆን፣ ተወልደው ያደጉትም የተቀበሩትም በአዊ፣ እንጅባራ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። በሕይወት ሳሉ ከሁሉ የሚያስቀድሙት ሁለት ነገር ነበር፤ በዓመት አንድ ጊዜ ልጅና የልጅ ልጅ ሰብስቦ ማብላትና ፈረስ። ከእኛ መካከል ወደ ኮርቻ የሚወጣ ካለ መጀመሪያ እጃቸውን ከፈረሱ ሆድ ሥር አስገብተው የማሰሪያው ጠፍር በሁለት ጣት ልክ መላላቱን ይለኩ ነበር፤ ጠበቅ ካለ ፈታ፣ ከላላም ሳብ አድርገው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «በል ውጣ» ይሉናል። ሲቆጡም እኛን በአማርኛ፣ ፈረሱን ግን በአዊ አገው ቋንቋ በአውኚ ነበር፤ ከሁለታችን ማን ቶሎ ይታዘዝ እንደነበር አልናገርም።

አሁን ሙት ዓመታቸው እየቀረበ ስለሆነ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊመክር ነው። ዳማ ፈረሳቸው ግን እስካሁን በግቢው ታስሮ ይበላል፤ ካረፉ ወዲህ ማንም አልጋለበውም። አጎቴ ተሽጦ ገንዘቡ ለድግሱ ይዋል ይላል፤ አክስቴ ደግሞ በዕለቱ ተሸልሞ በሕዝቡ ፊት ይለፍ ባይ ናት። እኛ አብዛኞቻችን የምንኖረው አዲስ አበባና ባሕር ዳር በመሆኑ እንክብካቤውም አሳስቦናል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መልስ፦ ባንጃው

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። የታወቀ ፈረሰኛ ሲያርፍ ፈረሱ ኮርቻና ግላስ ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በልጓሙ እየተሳበ ከለቀስተኛው ፊት መሄዱ የቆየ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የልቅሶ ዕለት ወግ ነው፤ በሙት ዓመት ባዶ ኮርቻ መልሶ ማሳየት የተረሳ ቁስል መነካካት እንዳይሆንባችሁ እሰጋለሁ።

ለእኔ የሚሻለው ጥር 23 ነው። እንደምታውቁት በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ሲሆን፣ በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን ከነጋላቢዎቻቸው የተዋደቁትን ፈረሶች ውለታ ማሰብ አንዱ ዓላማው ነው። እንግዲህ ለራሱ ለፈረስ መታሰቢያ የቆመ ቀን እያለላችሁ ለአያታችሁ ሌላ ሥርዓት መፍጠር ለምን ያስፈልጋል? ሙት ዓመቱን በጸሎትና በዝክር ፈጽሙ፤ ከዚያ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ወይም አንዷ በዚያው ፈረስ በእንጅባራ ሜዳ ከቀበሌያችሁ ሰዎች ጋር ይሰለፍ። እርሳቸው በእግዜር ፈቃድ ለዓመታት የዋሉበት ቦታ ስለሆነ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ስማቸውን ሳያነሡ አያልፉም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዓመት ሙሉ የቆመን ፈረስ በበዓሉ ዋዜማ ኮርቻ ጭኖ ወደ ሽምጥ ማስገባት ራሱን ፈረሱን መጉዳት ነው፤ የተቀመጠበትንም ልጅ እንዲሁ። ሥራ ሳይሠራ ገብስና ፋጉሎ ሲቀለብ የኖረ ፈረስ ይወፍራል፤ አንዳንዱም ሰኮናው ይሞቅና እግሩን አንሥቶ ለመርገጥ ይቸገራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሰው ልካችሁ አራቱንም ሰኮናውን በእጅ አስዳስሱ፤ ሙቀት ካለ ወይም ሲዞር የሚያነክስ ከሆነ ሐኪም ሳያየው አይጋለብ። ጤነኛ ከሆነ እህሉ ቀነስ፣ ድርቆሹ በርከት ይደረግለት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእግር እየተሳበ ይሂድ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ሽምጡ በመጨረሻ ይምጣ። ከኅዳር መጀመሪያ ብትነሡ እስከ ጥር ይበቃችኋል። የብዙ ሰው ጩኸትም ቀስ በቀስ ቢለምድ ይሻላል፤ የበዓሉ ሜዳ ጸጥታ የለውም።

መልስ፦ እማማ ዘውዴ

ልጆቼ፣ አጎታችሁን አትፍረዱበት። እኛ አባታችን ሲያርፉ ፈረሳቸውን ሸጠናል፤ ነገር ግን ገበያ አላወጣነውም። እሳቸው በቁማቸው ፈረሳቸውን ያውሱት ለነበረ ለአንድ ጎረቤት በቀነሰ ዋጋ ሰጠነው፤ ዛሬም ሠርግ ሲኖር አምጥቶ ያሳየናል። ጋላቢ የሌለው ቤት ፈረስ አስሮ ቢያስቀምጥ ለማንም አይበጅም።

ለእኔ ከፈረሱ ይልቅ የሚያስቸኩለው ሌላ ነገር ነው። የጥንት ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት ማለት ነው። ይህ የመኳንንት ብቻ አልነበረም፤ በየመንደሩም ጓደኛ ጓደኛውን በፈረስ ስም ይጠራል። አያታችሁ በእኩዮቻቸው ዘንድ አባ ማን ነበሩ? ከዳማው በፊት የነበሩት ፈረሶችስ ከማን ተገዙ፣ የትኛው ሙሽራ አመጣ፣ የትኛውስ በክፉ ዘመን ተሸጦ ልጅ አስተማረ? ይህን የሚያውቁት አብረዋቸው ያደጉት ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል። ለሙት ዓመቱ ሲመጡ ከምግቡ በፊት አንዳችሁ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ።

መልስ፦ የኮሶበር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ለቤተሰቡ ካነበብኩ በኋላ አጎቴ ራሱ ሐሳቡን አለዘበ። ፈረሱ እንጅባራ ካለው የአጎቴ ልጅ ዘንድ እንዲቆይ፣ የቀለቡን ወጪ ደግሞ እኛ በከተማ ያለነው በየወሩ እንድናዋጣ ተስማምተናል። ልጁ ሰኮናውን ዳስሶ ሙቀት እንደሌለው ነግሮናል፤ ሆዱ ግን በጣም ተልቋልና ገብሱ ከዛሬ ጀምሮ ተቀንሷል። ጥር 23 ትሰለፍ የተባለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ አክስቴም በዚህ ደስ ብሏታል። እማማ ዘውዴ፣ የጠየቁትን እናቴን ጠይቄአት አታውቀውም፤ አባ ማን ይባሉ እንደነበር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ግን ቲሊሊ አሉ ስለተባለ ቅዳሜ ሰው እንልካለን።