ጋራንቲው ሲያልቅ መብቱም አብሮ ያልቃል ወይ?

የቶተንሃሙ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለልጄ ጌም ኮንሶል በ450 ፓውንድ ገዝቼለት ነበር፣ 19 ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ቁልፉን ሲጫነው ጢው ይልና መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም ይላል፣ ፋኑ እንኳን አይዞርም። ሱቁ ወሰድኩት። ልጅቷ ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ እንኳን ሳታየው ደረሰኙን ብቻ አየችና ጋራንቲው 12 ወር ነበር አልቋል፣ የሠራውን ካምፓኒ አናግር አለችኝ። ካምፓኒው ጋ ስደውል ደሞ በክፍያ እንጠግናለን አሉኝ። እኔ እስከማውቀው እዚህ ብሪታንያ ያለው የ2015 እ.ኤ.አ. የሸማቾች መብት ሕግ የሚሸጥ ዕቃ አጥጋቢ ጥራት ይኑረው ይላል፣ ጥራት ሲል ደሞ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለውንም ይቆጥራል። 450 ፓውንድ የወጣበት ዕቃ በ19 ወር ይሞታል እንዴ? ለክርክር ያቀረብኩት ይሄ ነው፣ ጋራንቲ ካለቀ በኋላ ሻጩ ተጠያቂ ይሁን ወይስ አይሁን? እኔ ይሁን ባይ ነኝ።

ባለሱቁ፦
ወንድሜ አዝናለሁ ግን እኔ አይሁን እላለሁ። ትንሽ የስልክና የጌም ሱቅ አለኝ፣ ከሌላው ወገን ያለውን ላስረዳችሁ። አንድ ኮንሶል ስሸጥ የሚተርፈኝ በጣም ትንሽ ነው፣ ትርፉ ያለው ጌሙና ጆይስቲኩ ላይ ነው። ዕቃውን እኔ አልሠራሁትም አልከፈትኩትም፣ እንደታሸገ ተቀብዬ እንደታሸገ ነው የሸጥኩት። አከፋፋዩ ለኔ የሚሰጠኝ 12 ወር ብቻ ነው። ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ እየመጣ ተካልኝ ካለኝ ከኪሴ ነው የሚወጣው። እና ዋጋው ላይ 12 ወር ተብሎ ተጽፎ እያየ የገዛ ሰው ተስማምቶ ነው የገዛው።

የሊድሷ እናት፦
ይቅርታ ግን እዚህ ጋ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ጋራንቲ ካምፓኒው በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ቃል ነው፣ ወሩንም እሱ ነው የሚወስነው። የሕጉ መብት ሌላ ነው፣ እሱ ያለው በገዢና በሻጭ መሃል ነው፣ ደረሰኝ ላይ 12 ወር ስለተጻፈ አይጠፋም፣ ተስማምተሃል ተብሎም አይቀርም ምክንያቱም ሻጭ ይሄን መብት በውል ማስቀረት አይችልም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ክስ ለማቅረብ እስከ 6 ዓመት ጊዜ አለ፣ ስኮትላንድ 5። ስለዚህ ያቺ ልጅ ‘ካምፓኒውን አናግር’ ማለቷ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሱቁ ነው፣ የሚጠየቀውም ሱቁ ነው።

ባለሱቁ፦
እህቴ 6 ዓመት 6 ዓመት ይባላል፣ ሰው ግን የ6 ዓመት ጋራንቲ ይመስለዋል። አይደለም። የመክሰሻ ጊዜ ነው። ከ6 ወር በኋላ ጉድለቱ ስትገዛው ጀምሮ ነበር ብሎ ማረጋገጥ ያለበት ገዢው ነው። 19 ወር ሳሎን ውስጥ የቆየ፣ ልጅ የጎተተው፣ ሻይ የተደፋበት ይሁን አይሁን የማይታወቅ ዕቃ ምን ብለህ ነው የምታረጋግጠው? ለብዙ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሊድሷ እናት፦
ማስረጃው በገዢው ላይ መሆኑ እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን የማይቻል አይደለም፣ እኔ አድርጌዋለሁ። የኔ በ22 ወሩ ነው የሞተው። ሱቁ ሁለቴ መለሰኝ፣ ሦስተኛው ላይ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የ2015ቱን ሕግ ጠቅሼ፣ ከገለልተኛ ጠጋኝ የተጻፈ ሪፖርት አያይዤ፣ 14 ቀን ሰጥቼ፣ ካልሆነ አነስተኛ ክሶች ወደሚታዩበት ችሎት እሄዳለሁ ብዬ (እስከ 10,000 ፓውንድ እዛ ይታያል፣ ጠበቃም አያስፈልግም)። በ11ኛው ቀን ደወሉልኝ። ሙሉውን አልመለሱም፣ ለተጠቀምኩበት ጊዜ ቀነሱ፣ ሕጉም ከ6 ወር በኋላ እንዲቀንሱ ይፈቅዳል፣ እኔም አልተከራከርኩም ልጆቼ 22 ወር ተጫውተውበታል።
ሌላ ደሞ ልብ በሉ፣ አባትየው በክሬዲት ካርድ ከፍለህ ከሆነ ባንክህም ከሱቁ እኩል ተጠያቂ ነው፣ የ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ይባላል፣ የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነ። ቀብዱን ብቻ በካርዱ ከፍለህ ቀሪውን በጥሬ ብር ብትከፍልም ለሙሉው ይሠራል። ዴቢት ካርድ (ከራስህ ሂሳብ ወዲያው የሚቀንሰው) ግን አይደለም።

የቶተንሃሙ አባት፦
ክሬዲት ካርድ ነው! አመሰግናለሁ እህቴ፣ ይሄን ጨርሶ አላውቅም ነበር።

ጠጋኙ፦
ጋሼ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ዕቃው ይታይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ብልሽት አንድ አይደለም። እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ብዙው የኤችዲኤምአይ መግቢያው (ከቲቪ የሚያገናኘው ገመድ የሚሰካበት) የተሰበረ ነው፣ ገመዱ እንደተሰካ ኮንሶሉን ጎትተውት ውስጡ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ተጣመው ታገኛቸዋለህ፣ እሱ የተጠቃሚ ጥፋት ነው፣ ይዘህ ብትከራከር ትሸነፋለህ። አቧራ ፋኑን ደፍኖት ሙቀት የጨረሰውም አለ። በረሮ ሙቀቱን ወዶ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የፈለፈለበትም ከፍቻለሁ። ግን ውጪው ንጹህ፣ ፋኑ ንጹህ፣ እርጥበት የለ፣ መግቢያዎቹ ደህና ሆነው ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ከሥር ከተሰነጠቀ እሱ ከፋብሪካው ነው፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ለዛ ነው ዓመት ከቆየ በኋላ የሚወጣው። ሪፖርት ላይ መጻፍ ያለበት ‘ተበላሽቷል’ ሳይሆን ይሄ ነው፣ የተበላሸው የቱ ነው፣ የአያያዝ ምልክት አለው ወይስ የለውም፣ እና ጉድለቱ ከመጀመሪያው ነበር የሚያስብል ምን አለ። ፎቶም ይኑረው።
የማይክሮሶፍትን ኮንሶል ኤክስቦክስ 360ን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ሦስት ቀይ መብራት እየበራ ስንቱ ሰው ጋራንቲህ አልፏል ተብሎ ከፍሎ አስጠገነ። በኋላ ሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ራሱ ለዛ ብልሽት ጋራንቲውን 3 ዓመት አደረገው፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበበት፣ ከፍለው ላሠሩትም መለሰላቸው። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ጥፋቱ የገዢው አይሆንም ማለት ነው።

የፍራንክፈርቱ፦
እዚህ ጀርመን 2 ዓመት በሕግ ሻጩ ላይ ነው፣ ከ2022 ጀምሮ ደሞ የመጀመሪያውን 1 ዓመት ጉድለቱ አልነበረም ብሎ ማረጋገጥ ያለበት ሻጩ ሆኗል፣ ድሮ 6 ወር ነበር። ስዊድን ያለችው እህቴ 3 ዓመት አላት። የናንተ ጊዜው ረጅም ነው ግን ማስረጃው ቶሎ ወደ ገዢው ይዞራል፣ የኛ ጊዜው አጭር ነው ግን የመጀመሪያው ዓመት ያሳርፋል። እኔ የኛን እመርጣለሁ፣ ተራ ሰው ጠጋኝ ፈልጎ ሪፖርት አስጽፎ አይሄድማ። ብዙው ሰው ሱቁ አንዴ አይሆንም ካለው ይዞት ይመለሳል፣ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ።

ባለሱቁ፦
እሺ ሌላ ልጠይቃችሁ። ብየዳው ከፋብሪካ ተበላሽቶ ከመጣ ለምን እኔ? ለምን ሕጉ በቀጥታ ፋብሪካውን አይዝም?

የሊድሷ እናት፦
አንተም እኮ አከፋፋዩን መጠየቅ ትችላለህ፣ የ1979ኙ የዕቃ ሽያጭ ሕግ በነጋዴና በነጋዴ መሃል አሁንም ይሠራል።

ባለሱቁ፦
በውል አስወጥተውኛል። ሸማቹን በውል ማስወጣት አይቻልም አልሽ አይደል፣ እኔን ግን ይቻላል፣ ተመጣጣኝ እስከሆነ ድረስ። 11ኛው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል 12 ወር ብለው ጽፈዋል፣ ካልፈረምኩ ዕቃ አይሰጡኝም። ትልቁ ሱቅ ከካምፓኒው ጋ ተደራድሮ ይመልሰዋል፣ ትንሹ ይከስራል። እኔ ገዢው ይበደል አላልኩም፣ ከሁለቱ ደካሞች አንዱ ላይ አትጫኑት ነው ያልኩት።

የቶተንሃሙ አባት፦
ይሄ ነጥብህ ልክ ነው፣ እቀበልሃለሁ። ግን ወንድሜ፣ ፋብሪካውን እኔ ከቶተንሃም ተነስቼ የት አገኘዋለሁ? አንተ ቢያንስ ውል አለህ፣ ስልክ ቁጥር አለህ፣ ከሌሎች ሱቆች ጋ ተባብራችሁ መጮህ ትችላላችሁ። እኔ ያለኝ ደረሰኝ ብቻ ነው። ሕጉ ይሻሻል ከተባለ ሻጭ ለከፈለው አምራቹ በግድ ይመልስለት ይባል፣ እሱን እኔም አብሬህ እፈርማለሁ፣ እስከዛ ግን ገዢውን መጀመሪያ አታስወጡት።

ከአዲስ አበባ ጌም ቤት፦
እኔ እዚህ ጌም ቤት አለኝ፣ ልጆች በጌም እየከፈሉ ነው የሚጫወቱት፣ አንዱ ኮንሶል ወንድሜ ከለንደን የላከልኝ ነው፣ በ14 ወሩ ቆመ። ይሄ የምትሉት ሕግ ለኔ ይሆናል?

የሊድሷ እናት፦
ወንድምህ ለራሱ ወይ ለስጦታ ገዝቶ ከሆነ ደረሰኙ በሱ ስም ስለሆነ ጠያቂው እሱ ነው። ግን ለሥራ ብሎ ከገዛው ሸማች አይባልም፣ ሸማች ማለት ከንግድ ውጪ የሚገዛ ሰው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከሠራ ደሞ ስንት ጊዜ ማገልገል ነበረበት የሚለውም ይቀየራል። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው፣ ይከብዳል።

ከአዲስ አበባ ጌም ቤት፦
ገባኝ። እዚህ ቦርድ የሚበይዱ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ እነሱ ጋ እወስደዋለሁ።

የቶተንሃሙ አባት፦
ጠጋኙ፣ ቅዳሜ ላምጣልህ? ለሪፖርቱ የሚከፈለውን እከፍላለሁ። አቧራውን ጠርጌ ነው የማመጣው።

ጠጋኙ፦
አይ ጋሼ እንዳይጠርጉት! እንዳለ ያምጡት፣ ብሎኑንም አይንኩ። አቧራ አለመኖሩን ራሴ ከፍቼ ፎቶ ካላነሳሁት ጠርገህ ነው ያመጣኸው ይላሉ። ደረሰኙንና ገመዱን አብረው ይያዙ።

ባለሱቁ፦
ሱቁ ሲመልስህ ያለችህን ደሞ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ያዝ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምክደው እሱን ነው።