ባንኮክ ውስጥ የባቡር ገበያ የሚባለው የቱ ነው? የድሮ እቃ የሚሸጥበትን ነው የምፈልገው

መአዛ_ቲ
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። በሚቀጥለው ወር ለእቃ ባንኮክ እሄዳለሁ፣ እንደሁልጊዜው ፕራቱናም ነው የማርፈው። አምስት ጊዜ ተመላልሼ ከፕላቲነምና ከቦቤ የጅምላ ልብስ ገበያ ውጪ ያየሁት ነገር የለም ብል ማን ያምነኛል፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስቆጥር እውልና ማታ እግሬን አጥቤ መተኛት ነው። አሁን ግን አንድ ማታ ለራሴ ብዬ ይዣለሁ። ቲክቶክ ላይ አሮጌ መኪና፣ የድሮ ስልክ፣ ራዲዮ ምናምን የተደረደረበት የማታ ገበያ አይቼ ልቤ እዛው ቀረ፣ ታላድ ሮት ፋይ ነው ስሙ፣ የባቡር ገበያ ማለት ነው አሉኝ። ግን ስፈልገው አንዱ ተዘግቷል ይላል፣ አንዱ ራቻዳ ይላል፣ ግራ ገባኝ። የሄደ ካለ የቱ ጋ ነው? ለሴት ብቻዋንስ እንዴት ነው? ደሞ በፆም ስለሆነ የምሄደው የሚበላ አገኛለሁ ወይ?

ቸሬ88
እኔ ሄጃለሁ እህቴ በጣም አሪፍ ነው። ባቡሩ ቀጥ ብሎ ገበያው መሃል ይገባል፣ ሻጮቹ ዳሱን እጥፍ አርገው አትክልቱን ሳብ ያደርጉና ባቡሩ ሲያልፍ መልሰው ይዘረጋሉ። ብቻ ከከተማው ወጣ ይላል፣ በጠዋት ነው መሄድ ያለብሽ።

ቮልስ_ወዳጅ
ቸሬ ወንድሜ አንተ የምትለው ሜክሎንግ ነው፣ ሳሙት ሶንግክራም ያለው፣ እሱ የቀን ገበያ ነው አሳና ጎመን ነው የሚሸጥበት 😂 እሷ የምትፈልገው ሌላ ነው። እሷ ያለችው ጋ ባቡር የሚባል ነገር አያልፍም። ስሙ የመጣው መጀመሪያ ቻቱቻክ አጠገብ ካምፔንግ ፔት የሚባል ሰፈር የባቡር ድርጅቱ መሬት ላይ ስለነበረ ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ከዛ ተነሱና ወደ ሲናካሪን መንገድ ሄዱ፣ ስሙን ግን ይዘውት ሄዱ።

መአዛ አንቺን ያምታታሽ ራቻዳ ያለው ቅርንጫፍ ነው። እሱ 2015 ተከፈተ፣ ከላይ ሲታይ ጣሪያው ቀይ ሰማያዊ ቢጫ ሆኖ በየፖስቱ የምታይው እሱ ነው፣ በኮቪድ ጊዜ 2021 ላይ ተዘጋ። ቪዲዮው ግን እስከዛሬ ይዞራል፣ ሰው እያየ ታክሲ ይዞ ይሄዳል። ቦታው ላይ አሁን ሌላ ስም ያለው ገበያ ነው ያለው። ራማ 9 ጋ የተከፈተው ጆድ ፌርስም የነዚሁ ሰዎች ነው ግን እሱ ምግብና ልብስ ነው የሚበዛበት፣ ቱሪስቱም እዛ ነው የሚጎርፈው። ለአሮጌ እቃ ሲናካሪን ነው፣ ሲኮን ስኩዌር ከሚባለው ሞል ጀርባ።

እኔ 2023 መጨረሻ ላይ ሄጄ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ልብስና ጫማ ስለሆነ ዝም ብለሽ እለፊው፣ አንቺማ ልብስ ሰልችቶሻል። ወደ ውስጥ መጋዘን መሰል ቤቶች አሉ፣ ነገሩ ያለው እዛ ነው። ምን ልበልሽ፣ ቆራሌው ሲያልም የሚያየው ቦታ ነው። የድሮ የነዳጅ መቅጃ፣ የቆርቆሮ ማስታወቂያ፣ በጣት የሚዞር ስልክ፣ የፀጉር ቤት ወንበር ቀይ ቆዳው የተቀደደ፣ ባለቤቱ ደግሞ እሱው ላይ ተጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቮልስ አለ፣ ትላልቅ የአሜሪካ መኪና አለ፣ አብዛኛው ለሽያጭ ሳይሆን ለማየት ነው፣ አንዱን ስንት ነው ብዬው ሳቀብኝ። እኔ የፈለግኩት ለቮልሴ ፍሬቻ ነበር። አንዱ ሱቅ ካርቶን ሙሉ ፍሬቻ ገልብጦልኝ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለን አብረን ስንፈልግ ሀያ ደቂቃ አለፈ፣ አንድ የኔን የሚመስል ተገኘ፣ ካልኩሌተር ላይ 600 ባት ጻፈልኝ እኔ 300 ጻፍኩለት በ400 ተስማማን። ቤት ገብቼ ስሞክረው ልክክ አለ።

ሶይ_3
ቮልስ ጨርሶታል፣ እኔ መንገዱንና ምግቡን ልጨምር፣ እዚሁ ነው የምኖረው። ከፕራቱናም ታክሲ አትያዢ፣ ማታ መንገዱ ቆሞ ነው የሚያድረው። ራቻፕራሮፕ ጣቢያ በእግርሽ ደርሰሽ የኤርፖርቱን ባቡር ያዢ፣ ሁአ ማክ ውረጂ፣ እዛ ወደ ቢጫው መስመር ቀይሪ፣ በ2023 ነው የተከፈተው፣ ወደ ሳምሮንግ የሚሄደውን ይዘሽ አራተኛው ፌርማታ ሱዋን ሉዋንግ ራማ 9 ነው፣ ከዛ ሲኮን በእግር ነው። ስትመለሺ ካመሸሽ ግራብ ወይ ቦልት ጥሪ። ገበያው ከሐሙስ እስከ እሁድ ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል (በኛ አቆጣጠር) ግን መጋዘኖቹ ቀስ እያሉ ነው የሚከፍቱት፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ድረሺ። ከመሄድሽ በፊት ግን ፌስቡክ ገጻቸውን እይ፣ እዚህ ገበያ በአንድ ሌሊት ነው ነቅሎ የሚሄደው። ብቻሽን መሆንሽ ችግር የለውም፣ የሀገሩ ሰው ከነልጆቹ ነው የሚመጣው፣ ቦርሳሽን ብቻ ወደ ፊት አድርጊ።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቂ። እንደ ተራራ ተቆልሎ አረንጓዴ ቃሪያ የፈሰሰበት አጥንት ታያለሽ፣ ሌንግ ሴብ ይባላል፣ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል፣ የአሳማ ነው። ፆም ከሆንሽ "ጄ" የሚል ቃል ያዢ፣ እነሱም ከስጋና ከወተት የሚርቁበት ምግብ አላቸው፣ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት አለው። "ኪን ጄ" ብትያቸው ይገባቸዋል። ጄ ያልተባለው ግን አትክልት ብቻ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የአሳ ሶስ ሊኖርበት ይችላል። ማንጎ በሩዝ ግን በነፃነት ብዪ፣ የሚፈስበት የኮኮናት ወተት ነው።

መአዛ_ቲ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም 🙏 ቮልስ ፍሬቻዋን በዓይነ ህሊናዬ አየኋት። ቤት የማስቀምጠው አሮጌ ነገር ትንሽዬ የቡድሃ ሀውልት ብገዛስ? ካርድ ይቀበላሉ?

ሶይ_3
ቡድሃውን ተዪው። ቡድሃና ጥንታዊ ቅርስ ከሀገር ለማውጣት የጥበባት መስሪያ ቤታቸው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሻጩ ምንም ችግር የለም ይልሻል፣ ኤርፖርት ላይ ግን እሱ የለም። ካርድ እርሺው፣ እነሱ በስልካቸው ኪውአር እያነሱ ነው የሚከፍሉት፣ አንቺ ካሽ ያዢ፣ ዝርዝር ባለ 100 ቢሆን ጥሩ ነው። ቅናሽ ስትጠይቂ "ሎት ዳይ ማይ ካ" በይ፣ ካ ሴት የምትለው ነው፣ ፈገግ ብለሽ። እንደ ቦቤ አትጨቃጨቂ፣ እዛ ደርዘን ነው፣ እዚህ ሰውየው እቃውን ስለሚወደው ካስከፋሽው አልሸጥም ይልሻል።

ቸሬ88
ስለሜክሎንጉ ይቅርታ 😅 ግን ገበያው መሃል ባቡር ነበረ እኮ

ቮልስ_ወዳጅ
😂 ነበረ። መአዛ ካገኘሽ የግራውን ፍሬቻ አምጪልኝ፣ እኔ የገዛሁት የቀኙን ነው።