«ጺሼጌ» የተባለውን ራስ ቁር በአማርኛ ምን እንበለው?

የግራዝ መንገደኛ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። አንድ የሙዚየም መግለጫ እየተረጎምኩ እዚህ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ፦ «ጺሼጌ ከቱርክ የተወረሰ የፈረሰኛ ራስ ቁር ሲሆን፣ ከኋላው ተደራርቦ የሚወርድ ... አለው።» ነጥብ ነጥቡ ቦታ ምን ልጻፍ? ማጅራትን የሚሸፍኑ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበሩ ብረቶች ናቸው። እንግሊዞች «የሎብስተር ጭራ» ይሉታል፤ ሎብስተር ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ነው። ሎብስተር በልቶ ለማያውቅ አንባቢ ይሄ ምን ይፈይዳል? ዕቃው ኦስትሪያ፣ ግራዝ ግምጃ ቤት ውስጥ በሽ ነው። ቤቱ 32,000 ገደማ የጦር ዕቃ አለው። ከቱርክ ጋር ሊዋጉበት የቱርክን ቁር መቅዳታቸው ነው የገረመኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ቱርኩ «ቺቻክ»፣ ሃንጋሪው «ሺሻክ»፣ ፖላንዱም ሩሲያውም «ሺሻክ»። ጀርመኑ አፉ አልታጠፍለት ብሎ «ጺሼጌ» አለው። በቱርክኛ ደግሞ «ቺቼክ» አበባ ነው። ራስ ላይ ያበበ ብረት በሉት!

ሰምና ወርቅ፦
ወንድሜ፣ አበባው ይቅርብህ። በሩሲያኛ «ሺሽካ» እብጠትም የጥድ ፍሬም ነው። የቁሩን ሹል ጫፍ አይተኸዋል? ቁርጥ የጥድ ፍሬ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዕቃው ከኢስታንቡል መጥቶ ስሙ ከሩሲያ ጫካ ይለቀማል? የግንባሩ ጥላ፣ በብሎን ከፍ ዝቅ የሚለው የአፍንጫ ብረት፣ የጉንጭ መሸፈኛው፣ ሁሉም የኦቶማን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሃንጋሪ በኩል ወደ ጀርመን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1642 የእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር እዚያም ደርሷል። ዕቃ ስሙን ይዞ ነው የሚጓዘው።

ሰምና ወርቅ፦
እንግሊዝ ሲደርስ ግን ስሙን ጥሎ ሎብስተር ሆነ። በል መልስ።

ቦሌ ላይ፦
ሃንጋሪዎች እስከ ዛሬ የሞተር ሳይክል ሄልሜትንም በዚሁ «ሺሻክ» ነው የሚጠሩት። እኛም ቃል አናባክን፣ «ሄልሜት» ብለን እንለፈው።

መሪጌታው፦
ሄልሜት አሉ! የግዕዝ ልጆች የት ገባችሁ? ቁር ማለት ብርድ ነው። ራስ ቁርም ራስን ከቁር የሚጠብቅ ነው። ሌላ ሥር አትፈልጉለት።

ሰምና ወርቅ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት ነው፣ ጎልያድ በርዶት ነው ቁር የደፋው? ኤላ ሸለቆ ውስጥ?

መሪጌታው፦
አንተ ልጅ፣ «ደፋ» ማለትህ ደስ ብሎኛል። ቁር ይደፋል እንጂ አይለበስም። እንደ ዘውድ ነው። ጠያቂው ይህን ልብ ይበል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጎልያድን ካነሳችሁ አይቀር፣ እዚያው 1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ዕብራይስጡ የራስ ቁርን አንዴ በካፍ ፊደል «ኮባዕ»፣ አንዴ በቆፍ ፊደል «ቆባዕ» ብሎ ይጽፈዋል። የኛው ግዕዝ «ቆብዕ» አይደለችም? የመነኩሴ ቆብና የጎልያድ ቁር ዘመዳሞች ናቸው።

ቦሌ ላይ፦
እንግዲያው ቆቡን የጣለ ሁሉ ከግንባር የሸሸ ወታደር ነው ማለት ነው 😂

መሪጌታው፦
በቆብ አይቀለድም። ቆብና ቁርም አንድ አይደሉም። ግዕዙ ለጦር የሚሆነውን «ጌራ» ይለዋል።

ሰምና ወርቅ፦
መሪጌታ፣ አሁን ራስዎን አፈረሱ። ግዕዙ «ጌራ» ካለው፣ «ራስ ቁር» ላይ ያለው ቁር የግዕዙ ብርድ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ሁለት ቃል በአንድ ድምፅ ቢገናኝስ?

የግራዝ መንገደኛ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ «ደፋ»ን አስገብቻለሁ። የማጅራቱ ነገርስ? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

ቦሌ ላይ፦
«ፀረ ማጅራት መቺ» በለው።

መሪጌታው፦
ቆዩ፣ በቁር ላይ ያለኝን ገና አልጨረስኩም።